የመኪና ኪራይ ዋጋ ለግማሽ ቀን፣ ለቀን፣ ለሳምንትና ለወር እንዴት ይሰላል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለት መኪና ይዞ የሚያከራይ ሰው ዋጋ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው አከራይ የሚጠይቀውን ሰምቶ ነው። የቀኑ ዋጋ እንደምንም ይለመዳል። ጭንቁ የሚመጣው ተከራዩ «ለወር ነው የምወስደው፣ ቀንስልኝ» ሲል ነው። ስንት ይቀነስ? አከራዩ በግምት ይቀንሳል፣ መኪናው ሲሮጥ ይከርማል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጎማ መቀየሪያ እንኳ አልተረፈም።

እዚህ የቀረበው ስሌት የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው። ረጅም ኪራይ ላይ የሚቀነሰው ብር ለተከራዩ የሚዋል ውለታ አይደለም፤ ተከራዩ አስቀድሞ ቃል በመግባቱ ለአከራዩ የሚቀርለት ወጪ ነው። ያንን ያህል ይቀንሱ። ከዚያ በላይ ከቀነሱ ልዩነቱን ከኪስዎ እየከፈሉ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ከቀነሱ ደግሞ የወር ተከራይ ወደ ሌላ አከራይ ይሄዳል።

ከታች ያሉት የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አሠራሩን ይያዙና በቁጥሮቹ ቦታ የራስዎን ይተኩ። ምሳሌው ያለ ሹፌር የሚከራይ አነስተኛ የቤት መኪና ነው፤ ሹፌር ሲጨመር የሚሆነው ወደ በኋላ ይመጣል።

ወጪውን በሦስት መክፈል

የመኪና ወጪ ሁሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ተከትሎ ይመጣል፦ ጊዜን፣ ኪሎ ሜትርን ወይም ርክክብን። ዋጋ የሚበላሸው ሦስቱ ሲደባለቁ ስለሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ለየብቻ ይጻፏቸው።

የጊዜ ወጪ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞም የሚበላው ነው። የመጀመሪያው እርጅና ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ መኪናውን ሲገዛ ከከፈለው ብር ተነስቶ ያሰላልና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ሌላ ነው፤ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውም አለ። ከ5 ዓመት በፊት በተገዛበት ዋጋ ያንኑ መኪና ዛሬ መተካት አይቻልም። ስለዚህ መነሻው የመተኪያ ዋጋ ይሁን፤ ማለትም ይህንኑ ዓይነት መኪና በዚሁ ይዞታው ዛሬ ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር። በምሳሌያችን 2,000,000 ብር ነው። ከ8 ዓመት በኋላ በዛሬው ብር ሲለካ 1,200,000 ያወጣል ብንል፣ የጠፋው 800,000 ለ8 ሲካፈል በዓመት 100,000 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው የገንዘቡ ዋጋ ነው። ያ 2,000,000 ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 140,000 ብር ያስገባ ነበር። ደረሰኝ ስለሌለው ይረሳል እንጂ እውነተኛ ወጪ ነው። መኪናው በብድር ከተገዛ ደግሞ የብድሩን ወለድ ያስቡ፣ እሱ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ ላይ ለሙሉ ኢንሹራንስ 80,000፣ ለቦሎ፣ ለማደሪያ ጥበቃ፣ ለጂፒኤስና ለስልክ በድምሩ 40,000 ሲጨመር የዓመቱ የጊዜ ወጪ 360,000 ብር ይመጣል።

የኪሎ ሜትር ወጪ መንኮራኩሩ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ነው። የአራት ጎማ ዋጋ 40,000 ብር ቢሆንና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 1 ብር ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለዘይት ቅያሬና ለፊልትሮ 10,000 ብር ቢወጣ 2 ብር ይሆናል። ለፍሬን ሸራ፣ ለሞላ፣ ለእግር ሥራና ለመሳሰለው ሌላ 2 ብር ይያዙለት። ድምሩ በኪሎ ሜትር 5 ብር ነው። ነዳጅ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ያለ ሹፌር በሚከራይ መኪና ነዳጁን የሚሞላው ተከራዩ ነውና።

የርክክብ ወጪ ኪራዩ 1 ቀንም ይሁን 90 ቀን እኩል የሚወጣ ነው። እጥበት፣ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንስቶ ጭረት መመዝገብ፣ ውል መሙላት፣ መኪናውን ቦሌ አየር ማረፊያ ድረስ ማድረስና ተመልሶ መቀበል፣ ደንበኛው እስኪገኝ የወጣው የስልክና የማስታወቂያ ገንዘብ፤ በምሳሌያችን 1,200 ብር። ደንበኛው በደላላ ከመጣ ኮሚሽኑም እዚሁ ይገባል። አብዛኛው አከራይ ጨርሶ የማይጽፈው ይህንን ነው፤ የአጭርና የረጅም ኪራይ ዋጋን በሰፊው የሚለየው ደግሞ እሱ መሆኑን ከታች በቁጥር እናያለን።

ዓመት 365 የኪራይ ቀን የለውም

የጊዜውን ወጪ 360,000 ብር ለ365 ማካፈል ትልቁ ስህተት ነው። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ደንበኛ የሚጠፋበት ሳምንት አለ፣ በሁለት ኪራዮች መካከልም ባዶ ቀን ይፈጠራል። ወጪውን የሚሸፍኑት ገንዘብ የተቀበሉባቸው ቀናት ብቻ ስለሆኑ መካፈል ያለበት ለእነሱ ነው።

ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ያለፉትን 12 ወራት ውሎች አውጥተው ይቁጠሩ። መኪናው በቀንና በሁለት ቀን ብቻ ሲከራይ በዓመት 200 ቀን ተይዞ ነበር እንበል። በሳምንት እየተያዘ ቢከራይ መሃል ላይ የሚባክነው ቀን ስለሚያንስ 240 ይደርሳል፤ በወር ቢከራይ 300፣ በሦስት ወር ውል 320። በየአንዱ ቀን ላይ የሚያርፈው የጊዜ ወጪ ታዲያ እንዲህ ይሆናል፦ በቀን ኪራይ 360,000 ለ200፣ ማለትም 1,800 ብር፤ በሳምንት 1,500፤ በወር 1,200፤ በሦስት ወር 1,125። ሥራውን ገና የሚጀምር ሰው የሚቆጥረው ውል ስለሌለው ከሚገምተው ቀን ሩቡን ቀንሶ ይነሳ።

ዋጋውን መገንባት

አሁን ሦስቱን ይደምሩና ትርፍ ይጨምሩ። ምሳሌው 20 በመቶ ትርፍ ይዟል። የኪሎ ሜትር ጣሪያው ለአጭር ኪራይ በቀን 100፣ ለወር ኪራይ በጠቅላላ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለወር የሚወስድ ሰው በየቀኑ 100 ኪሎ ሜትር አይነዳምና።

ለ1 ቀን፦ 1,800 የጊዜ፣ 500 የኪሎ ሜትር፣ 1,200 የርክክብ። ወጪው 3,500፣ ከትርፍ ጋር 4,200 ብር።

ለ3 ቀን፦ የ3 ቀን የጊዜ ወጪ 5,400፣ ኪሎ ሜትር 1,500፣ ርክክብ 1,200። ወጪው 8,100፣ ከትርፍ ጋር 9,720 ብር፤ በቀን 3,240።

ለ7 ቀን፦ 10,500 ሲደመር 3,500 ሲደመር 1,200። ወጪው 15,200፣ ከትርፍ ጋር 18,240 ብር፤ በቀን 2,606 ገደማ።

ለ30 ቀን፦ 36,000 ሲደመር 10,000 ሲደመር 1,200። ወጪው 47,200፣ ከትርፍ ጋር 56,640 ብር፤ በቀን 1,888።

ለ90 ቀን፦ 101,250 ሲደመር 30,000 ሲደመር 1,200። ወጪው 132,450፣ ከትርፍ ጋር 158,940 ብር፤ በቀን 1,766።

የ1 ቀንና የወር ዋጋ ልዩነት ከየት እንደመጣ ልብ ይበሉ። ትርፍ ሳይጨመር የአንዱ ቀን ወጪ ከ3,500 ወደ 1,573 ብር ወርዷል፤ 1,927 ብር ቀንሷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 1,160ው የርክክብ ወጪ ለ30 ቀን በመከፋፈሉ፣ 600ው ባዶ ቀን በመቀነሱ፣ 167ቱ ደግሞ የቀን ጉዞው በማጠሩ የመጣ ነው። የቀን ዋጋዎ ከሌሎች በለጠ ከተባሉ ትርፉን ከመንካትዎ በፊት ርክክቡን ይመልከቱ። ተከራዩ መኪናውን ከእርስዎ ግቢ ወስዶ እዚያው ቢመልስ፣ ማድረሻውም ለብቻ ቢጠየቅ፣ የቀን ዋጋው ሳይጎዳዎ ይወርዳል።

የግማሽ ቀን ዋጋ ግማሽ አይሆንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የተያዘን መኪና በዚያው ቀን ሌላ ሰው የሚወስደው እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ከጊዜው ወጪ 60 በመቶውን ይያዙ፦ 1,080 ብር። ለ50 ኪሎ ሜትር 250፣ ርክክቡ ግን እንዳለ 1,200። ወጪው 2,530፣ ከትርፍ ጋር 3,036 ብር፤ የሙሉ ቀኑን 72 በመቶ ያህል ነው። በሰዓት ማከራየት ለቤት መኪና እዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ርክክቡ ብቻውን ይውጠዋል።

ደረጃው የሚሰበርበት ቦታ

ዋጋ በደረጃ ሲወጣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ላይ ጉድለት ይፈጠራል። ከ7 እስከ 29 ቀን በሳምንቱ ዋጋ ይከፈል ብንል 24 ቀን 59,040 ብር ያስከፍላል፤ 30 ቀን ግን 56,640 ነው። ይህን ያየ ተከራይ ለ30 ቀን ይፈርምና በ24ኛው ቀን መኪናውን መልሶ ይሄዳል። በዚህ ምሳሌ መገናኛው 23ኛው ቀን ነው፤ በሳምንቱ ስሌት 23 ቀን ልክ 56,640 ብር ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ23ኛው እስከ 30ኛው ቀን የወሩ ዋጋ ጣሪያ ይሁን፣ ለተከራዩም ፊት ለፊት ይነገረው። መገናኛውን ለማግኘት የወሩን ወጪ ወስደው ርክክቡን ይቀንሱ፣ የቀረውን ለሳምንቱ የቀን ወጪ (እዚህ ጊዜና ኪሎ ሜትር ተደምሮ 2,000) ያካፍሉ።

6ኛውና 7ኛው ቀን ላይም እንዲሁ ይፈትሹ። እዚህ ለ6 ቀን 18,000፣ ለ7 ቀን 18,240 ስለሆነ ደረጃው አልተሰበረም። የእርስዎ ቁጥር ሌላ ሊያሳይ ስለሚችል ከ1 እስከ 31 ያለውን በሙሉ በወረቀት ያውጡት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቀድሞ የመለሰና ቀን የጨመረ

የብዙ ጠብ መነሻ ይህ ነው። ተከራይ ለ30 ቀን 56,640 ብር ከፍሎ በ12ኛው ቀን ይመልሳል፣ «የ18 ቀኑን መልስልኝ» ይላል። ገንዘቡ ለ30 ተካፍሎ በ12 ቢባዛ አከራዩ የሚይዘው 22,656 ብር ነው። በትክክለኛው ደረጃ ግን 12 ቀን 30,240 ብር ያስከፍላል። ልዩነቱ 7,584 ብር የአከራዩ ኪሳራ ነው፤ የወር ዋጋ የሰጠው ለቃሉ እንጂ ለቆይታው አይደለምና። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ተከራዩ ከተስማማበት ቀን ቀድሞ ከመለሰ ዋጋው በትክክል በተገለገለበት የቀን ብዛት ደረጃ እንደገና ይሰላል፤ ቀሪው ይመለስለታል።» በምሳሌው 26,400 ብር ይመለሳል ማለት ነው። ተከራዩም አይበደልም፣ ከመጀመሪያው ለ12 ቀን ቢወስድ የሚከፍለውን ከፍሏል።

የተገላቢጦሹም አለ። ለ3 ቀን የወሰደ ሰው በየማታው እየደወለ «ነገም ልያዘው» እያለ 10 ቀን ይደርስና የሳምንት ዋጋ ይጠይቃል። ያ ሰው ምንም ቃል አልገባም፤ በየቀኑ ሌላ ደንበኛ እያስመለሰዎት ነበር። የሚሻለው አሠራር ጭማሪውን ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞና በአንድ ጊዜ ለተጠየቀ ቀን የዝቅተኛውን ደረጃ መስጠት፣ አንድ አንድ ቀን እየተባለ ለተጨመረው ግን የያዘውን የ3 ቀን ዋጋ ማስቀጠል ነው። ዘግይቶ የመጣም ቢሆን 1 ሰዓት ይታለፍለት፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰዓት የ1 ቀኑ ዋጋ አንድ አምስተኛ (840 ብር) ይታሰብ፣ 5 ሰዓት ሲሞላ ሙሉ ቀን ይሁን። የወር ተከራይ የዘገየበት ሰዓት ለምን በወሩ ዋጋ አይታሰብም? ሳይነገር የመጣ ሰዓት ስለሆነ፣ መኪናውን የሚጠብቀው ደንበኛም ቆሞ ስለሚውል ነው።

ቀን፣ ሰዓትና ጳጉሜ

«ሦስት ቀን» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ተወስዶ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት የተመለሰ መኪና በ24 ሰዓት ቆጠራ 3 ቀን ነው፣ በካላንደር ግን ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ብሎ 4 ይሆናል። ያለ ሹፌር ለሚከራይ መኪና የ24 ሰዓቱ ቆጠራ ይሻላል። ከሹፌር ጋር ሲሆን ቀን ማለት የሥራ ውሎ ነው፣ ሰዓቱም ይገደባል።

ከውጭ አገር ከሚመጣ ወገን ጋር ሲዋዋሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት። የሌሊት በረራ ከዚህም ያሳስታል። ቲኬቱ ላይ ማክሰኞ ከሌሊቱ 1:00 ተብሎ የተጻፈው እኛ ዘንድ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ብሎ የመዘገበ አከራይ ደንበኛው ካረፈ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው አየር ማረፊያ የሚደርሰው። የበረራውን ቁጥር ተቀብሎ ማረጋገጥ ነገሩን ይፈታዋል።

«አንድ ወር» ተብሎም አይጻፍ፣ «30 ቀን» ይባል። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ነው፤ የፈረንጁ ከ28 እስከ 31 ይዋዥቃል፤ ከድርጅት ጋር የሚደረግ ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጁ ነው። የዓመት ውል ላይ ጳጉሜ ይመጣል። ደመወዝ በ12 ወር ስለሚከፈል ብዙ ተከራይ «ጳጉሜ የማን ናት?» ብሎ ሊያልፋት ይፈልጋል፤ መኪናው ግን በጳጉሜም ይሮጣል፣ ኢንሹራንሱም ይቆጥራል። በ90 ቀኑ ዋጋ ብናሰላ 5ቱ ቀን 8,830 ብር ነው፤ በ2019 እንደሚሆነው ጳጉሜ 6 ስትሆን 10,596። ከመስከረም ጀምሮ የሚፈረም ውል ላይ ጳጉሜ ይከፈልባት አይከፈልባት በአንድ መስመር ይቀመጥ።

ሹፌር ሲጨመር

ሹፌርም እንደ መኪናው የጊዜ ወጪ ነው፣ ባዶ ቀንም ደመወዝ ይበላል። ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ተጨምሮ 13,320 ይሆናል፤ በዓመት 159,840። በቀን ኪራይ 200 ቀን ብቻ ከሠራ በአንድ ቀን ላይ 800 ብር ገደማ ያርፋል። ደመወዙን ለ26 አካፍሎ 461 ብር የሚጨምር አከራይ ልዩነቱን ከራሱ ይሸፍናል።

የትርፍ ሰዓቱን ስሌት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። 12,000 ለ208 ሰዓት ሲካፈል አንድ ሰዓት 57.70 ብር ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓቱ 86.55፣ የሌሊቱ 101 ብር ገደማ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። በከተማ የተለመደውን የ10 ሰዓት ውሎ ለ6 ቀን ካስኬዱት ልክ 12 ሰዓት ትርፍ ይሞላል፣ ጣሪያው እሱ ነው። ስለዚህ «30 ቀን ከሹፌር ጋር» የሚል ውል ያለ ተተኪ ሹፌር ሊፈጸም አይችልም፤ በወሩ ውስጥ ላሉት 4 የዕረፍት ቀናት የሚከፈለው ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ ይግባ። ደክሞት መሪ የያዘ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ማንኛውም ዋጋ አይሸፍነውም።

ከከተማ ሲወጣ ውሎ አበልና የአዳር ክፍያ ይጨመራል፣ በፈጣን መንገድ የሚከፈለውም ለብቻ ይታሰባል። ተከራዩ ሐዋሳ ወርዶ የሚቀር ከሆነ ደግሞ መኪናው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶውን ይመለሳል፤ የመልሱ ነዳጅ፣ ኪሎ ሜትርና የሹፌሩ ቀን የተከራዩ ሒሳብ ነው።

ኪሎ ሜትር፣ ነዳጅ፣ ሰርቪስ

የኪሎ ሜትሩን ጣሪያ በኪራዩ ጠቅላላ እንጂ በየቀኑ አይቁጠሩት። ለ7 ቀን 700 ከተባለ ተከራዩ አንድ ቀን 300፣ ሌላ ቀን 20 ቢሄድ ምንም አይደለም። ያለፈው ኪሎ ሜትር በ5 ብር አይሸጥ፤ ርቀት የመኪናውን ዋጋም ስለሚበላ በምሳሌው 8 ብር ይመጥነዋል። በርክክብ ጊዜ የጌጁንና የነዳጅ ማሳያውን ፎቶ ያንሱ፤ በሞላ ታንከር ተረክቦ በሞላ መመለስ ከሁሉም ይቀላል። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት እየተከለሰ ስለሚወጣ ነዳጅን ያካተተ የወር ዋጋ አይስጡ። ተከራዩ ግድ ካለ ዋጋው በተከለሰ ቁጥር የኪራዩ ሒሳብ እንደሚስተካከል ይጻፍ።

በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ90 ቀን 6,000 ስለሚደርስ ቢያንስ አንድ የዘይት ቅያሬ በተከራዩ እጅ እያለ ይመጣል። ማን ወደ ጋራዥ ያመጣዋል፣ ያ ቀን ከሒሳቡ ይቀነሳል ወይስ ተለዋጭ መኪና ይሰጣል የሚለው ካልተጻፈ ተከራዩ እያሳለፈው ሞተሩ ይጎዳል።

ዋጋ ሲያቀርቡ

15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተሰላው ዋጋ በላይ ነው፤ 4,200 ብሩ 4,830፣ 56,640ው ደግሞ 65,136 ይሆናል። ፕሮፎርማው ላይ ቫትን ያካተተ ወይም ያላካተተ መሆኑ ይጻፍ፤ ለቫት ያልተመዘገበ አከራይ ግን ሊጨምረው አይችልም። ድርጅቶች ከክፍያው ላይ ቀንሰው የሚያስቀሩት ቅድመ ግብር ዓመቱ ሲዘጋ የሚካካስ ስለሆነ እንደ ወጪ አይያዝ፤ ወሩን የሚያሻግር ጥሬ ገንዘብ ግን ይዘው ይጠብቁ።

ማስያዣ ገቢ አይደለም፤ ከቀኑ ብዛት ጋርም አያድግም። መለኪያው አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለመኪናው ባለቤት የሚተወው ድርሻ ነው፤ ቢያንስ ያንን ያክል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ ማንሳት ይገባል፦ ለግል አገልግሎት ኢንሹራንስ የተገባለት ኮድ 2 መኪና ተከራይቶ ሳለ ቢጋጭ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ለኪራይ የሚሠራ መኪና የንግድ ታርጋና ለኪራይ ተብሎ የተገባ ኢንሹራንስ ይኑረው፣ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው የኢንሹራንስ ወጪም የዚያ ነው።

ከሦስት ወር በላይ የሚሄድ ውል በየ90 ቀኑ ዋጋው የሚከለስበት አንቀጽ ይኑረው። የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ዓመት ሙሉ ቆሞ አይጠብቅም።

የወር ደንበኛ መቼ እምቢ ይባል?

የመጨረሻው ስሌት ወሩን ለአንድ ሰው መስጠት ወይስ በቀን በቀን ማከራየት የሚለው ነው። ከወሩ 56,640 ብር ላይ የኪሎ ሜትሩ 10,000ና አንዱ ርክክብ 1,200 ሲወጣ 45,440 ይቀራል። ከአንድ የ1 ቀን ኪራይ ደግሞ 4,200 ላይ 500ና 1,200 ሲቀነስ 2,500 ብር ይቀራል። 45,440 ለ2,500 ሲካፈል 18.2 ነው። ስለዚህ በወሩ ውስጥ ቢያንስ 19 የተለያዩ የ1 ቀን ኪራዮች እንደሚያገኙ እርግጠኛ ካልሆኑ የወር ደንበኛውን ይቀበሉ።

በአብዛኛው ወር 19 አይገኝም። የዐቢይ ጾም ሠርግ የማይደገስበት ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ የወር ውል መያዝ ያዋጣል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾሙ መያዣ ባለው የሠርግ ወቅት፣ ዲያስፖራው በብዛት በሚገባበት በክረምትና በገና ሰሞን ግን 19ኙ ሊሞላ ይችላል። ጥር 1 ለሚጀምር የ30 ቀን ውል በመደበኛው የወር ዋጋ ከመፈረምዎ በፊት ያለፈውን ዓመት የጥር ውሎች አውጥተው ይቁጠሩ፤ 22 ቀን ተይዞ ከነበረ ለዚያ ወር የሚጠይቁት ቢያንስ 22 ጊዜ 2,500 እና 11,200 (የወሩ ኪሎ ሜትርና ርክክብ) ተደምሮ 66,200 ብር ነው።